ጉድጓድ የማይበግረው ዊል፦ ትራክ ብስክሌት ከተማ ውስጥ ለምትነዱ

ትራክ ብስክሌት ገዝተው ዊል መቀየር የሚፈልጉ ልጆች ሲያማክሩኝ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከቸርኬው ቁመትና ከቀለሙ ነው። ማማሩስ ያምራል። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው። በየት በየት በኩል ነው የምትነዳው? ስንት ኪሎ ነህ? ጀርባህ ላይ ምን ትሸከማለህ? መልሱን ከሰማሁ በኋላ የምሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ገንዘብህን ቁመት ላይ አትጨርስ። ደህና ቸርኬ፣ በቂ ሽቦ፣ ጥሩ እጅ። በተለይ ጥሩ እጅ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ዲሲ መሃል ከተማ። በጆርጂያ አቬኑ ወርጄ፣ በ13ኛው መንገድ ዩ ስትሪትን አቋርጬ ነው የምገባው። ማታ ማታ ቤዝመንት ውስጥ ለወዳጅ ዘመድ ዊል እሠራለሁ። ስለዚህ የምጽፈው በየቀኑ ስለምነዳውና በእጄ ስለማገላብጠው ነገር ነው።

ከመቀጠሌ በፊት እንግባባ። ዊል የምለው ሙሉውን ነው፦ መሃሉ ላይ ያለውን ሞዞ፣ ከሞዞው የሚነሱትን ሽቦዎች፣ ሽቦዎቹ የሚይዙትን ቸርኬ። ጎማውንና ከመነዳሪውን ለብቻ አነሳቸዋለሁ።

ከመንገዱ ጀምሩ

ትራክ ብስክሌት የተሠራው ለቬሎድሮም፣ ማለትም ለብስክሌት መወዳደሪያ ዙር፣ ነው። የኦሎምፒኩ ቬሎድሮም ዙሪያው 250 ሜትር ነው፤ ወለሉ ልሙጥ እንጨት። ጉድጓድ የለም፣ የቱቦ ክዳን የለም፣ ድንገት በሩን የሚከፍት ባለመኪና የለም። እዚያ ዊሉ የሚፈተነው በፍጥነትና በእግር ጉልበት ብቻ ነው።

ዲሲ ሌላ ነው። በክረምት ውሃው አስፋልቱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ይቀዘቅዛል፣ በረዶ ሆኖ ሲሰፋ አስፋልቱን ያነሳዋል። ሲቀልጥ ከሥሩ ባዶ ይቀራል። መኪና ሲወጣበት ይሰምጣል። የካቲትና መጋቢት ላይ ትናንት ያልነበረ ጉድጓድ ዛሬ ይጠብቃችኋል፤ ዝናብ ሞልቶት ከሆነ ደግሞ ጥልቀቱን የምታውቁት ከገባችሁበት በኋላ ነው። ጆርጅታውን ውስጥ ኦ እና ፒ ስትሪት ላይ ኮብልስቶኑና የድሮው ትራም ሐዲድ አሁንም አለ። ኤች ስትሪት ላይም ሐዲድ አለ። ሐዲድ ሲሆን በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፤ አግድም ከሄዳችሁ ቀጭን ጎማ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። የውሃና የጋዝ ሠራተኞች ቁፋሮ ላይ የሚያነጥፉት ወፍራም ላሜራም አለ። ጠርዙ ስለታም ነው፤ በፍጥነት ከመታችሁት ቸርኬ ያጎብጣል።

በዚህ ላይ ብስክሌቱ ራሱ አለ። ማርሽ ያለው ብስክሌት ላይ ጉድጓድ ስታዩ ፔዳሉን ታሳርፋላችሁ፣ ከኮርቻው ትንሽ ትነሳላችሁ፣ ጉልበትና ክርናችሁን አላልታችሁ ታልፋላችሁ። ትራክ ብስክሌት ላይ ግን ፔዳሉ ከኋላው ዊል ጋር አብሮ ይዞራል፤ ፊክስድ የሚባለው ይህ ነው። እግር አያርፍም። ከኮርቻ ብትነሱም እንደዚያኛው አትቀልሉም፤ ከምቱ የሚበዛውን ዊሉ ይቀበለዋል። ለማቆምም ፔዳሉን ወደኋላ ስትታገሉት ጉልበቱ በሽቦዎቹ በኩል ነው የሚያልፈው። ቬሎድሮም ላይ ይህን በየመብራቱ የሚያደርግ ሰው የለም።

ሽቦው ምን እየሠራ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ይህ ከገባችሁ የቀረው ምርጫ ሁሉ ይቀልላችኋል።

ቀጭን ሽቦ ከላይ ሲጫኑት ይታጠፋል። ሽቦ የሚሠራው ተወጥሮ ነው። ዊሉ ገና ሲሠራ ሁሉም ሽቦ ቸርኬውን ወደ መሃል እየሳበ ይወጠራል። ብስክሌቱ ላይ ስትቀመጡ፣ መሬት የነካው ቦታ አካባቢ ያሉት ጥቂት ሽቦዎች ውጥረታቸው ይቀንሳል። ሌሎቹ እምብዛም አይለወጡም። ዊሉ ሲዞር ሁሉም ሽቦ ተራው ሲደርስ ትንሽ ይላላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጠራል። ባለ 28 ጎማ (ወርዱ 28 ሚሊ) የለበሰ ዊል ዙሪያው 2.1 ሜትር ገደማ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ከ4,500 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው።

መጀመሪያውኑ በደንብ የተወጠረ ሽቦ በዚህ አይጎዳም። ሲላላም የተረፈ ውጥረት አለው። ልል ሆኖ የተሠራ ሽቦ ግን ከታች ሲደርስ ጭራሽ ባዶ ይሆናል፣ መቀመጫው ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ሲመለስ በድንገት ይያዛል። ሺህ ጊዜ፣ አሥር ሺህ ጊዜ። ብረቱ ይደክማል። አንድ ቀን፣ ምናልባትም ሜዳ መንገድ ላይ፣ ይበጠሳል። ሰው ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው፤ «ምንም ሳልመታ ተበጠሰ» ይላል። አልተመታም፣ ደክሞ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ 20 ሽቦ ያለው የኋላ ዊል ይዞልኝ መጣ። አንድ ሽቦ ተበጥሶ ቸርኬው ፍሬሙን እየፈገፈገ ነበር። የተበጠሰውን ጫፍ አውጥቼ መብራት ሥር አየሁት። የተበጠሰው ሞዞው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው መታጠፊያው ላይ ነው፤ አብዛኛው ሽቦ የሚበጠሰውም እዚያው ነው። ቁራጩ ፊት ላይ ሁለት ዓይነት መልክ ነበረው። የሚበዛው ክፍል ጠቆር ያለና ልሙጥ፣ ዳር ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ደግሞ የምታበራና ሻካራ። ጠቆር ያለው ለሳምንታት ቀስ እያለ የተሰነጠቀው ነው። የምታበራው የመጨረሻው ቀን ናት። የቀሩትን ሽቦዎች በጣቴ ሳንቀሳቅሳቸው አንዳንዶቹ ያለ ምንም ትግል ይወዛወዙ ነበር። ቸርኬው ረጅም፣ ጥቁር፣ የሚያምር ነው። ያልተሠራው ውጥረቱ ነው።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። ማርሽ ያለው የኋላ ዊል ላይ፣ በቀኝ በኩል ለማርሾቹ ቦታ መስጠት ስላለበት የሞዞው የቀኝ ክንፍ (ሽቦዎቹ የሚሰኩበት ጠርዝ) ወደ መሃል ይገባል። የቀኞቹ ሽቦዎች በጣም ይወጠራሉ፣ የግራዎቹ ላላ ይላሉ። ያ ዊል ከመሠረቱ ሚዛኑ የተዛባ ነው። ትራክ ሞዞ ላይ ያለው አንድ ጥርስ (ካቴናው የሚይዘው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ብቻ ነው። ሁለቱ ክንፎች ከመሃል የሚርቁት እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ግራና ቀኙም እኩል ይወጠራል። ስለዚህ ተራ ዕቃ ተጠቅማችሁም ቢሆን፣ በደንብ ከተሠራ፣ ብዙ ውድ የመንገድ ዊሎችን የሚያስንቅ የኋላ ዊል ይኖራችኋል። እኔ ለትራክ ዊል ያለኝ ፍቅር ከዚህ ነው የመጣው።

ስንት ሽቦ?

አጭሩ መልስ 32 ነው። ከፊትም ከኋላም።

ከ90 ኪሎ በላይ ከሆናችሁ፣ ወይም ከባድ ቦርሳ ተሸክማችሁ ምግብ የምታደርሱ ከሆነ ኋላውን 36 አድርጉት። ከ32 ወደ 36 ስትሄዱ የሚጨመረው አራት ሽቦ ነው፤ ከነኒፕሉ (ሽቦውን ቸርኬው ላይ ከሚይዘው ትንሽ ዳዶ ጋር) 30 ግራም አይሞላም። ቁርስ ላይ የምትጠጡት ውሃ ይበልጠዋል። ከ65 ኪሎ በታች የሆነ፣ አነዳዱም ረጋ ያለ ሰው ፊቱን 28 ቢያደርግ አልከራከርም። 20 እና 24 ግን ለዚህ ከተማ አልመክርም። ደህና ሆነው ሳሉ ይነዳሉ፤ ችግሩ አንድ ሲበጠስ ነው። ከ20 ሽቦ አንዱ ሲሄድ ቸርኬው ወዲያው ወልገድ ብሎ ፍሬሙን ይነካል፤ ተሸክማችሁት ነው የምትገቡት። ከ36 አንዱ ቢሄድ ትንሽ እየተወዛወዘም ቢሆን ቤት ያደርሳችኋል።

ብዙ ሽቦ የጀማሪ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የጃፓንን ኬይሪን አሳዩት። ሕጋዊ ውርርድ የሚካሄድበት የትራክ ውድድር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ኮኩራ ከተማ ውስጥ የተጀመረ። በባህላዊው የወንዶች ውድድር ኤንጄኤስ የሚል የፈቃድ ማህተም የሌለው ዕቃ አይገባም። የነዚያ ሰዎች ጭን የዛፍ ግንድ ያህላል። የሚነዱት ደግሞ ባለ 36 ሽቦ፣ ተራ የአሉሚኒየም ዊል ነው።

ይህን ስል ግን የኬይሪን ዊል ተጠቅሞበት የሸጠ ሰው ስታገኙ ዘላችሁ አትግዙ። ቸርኬው ጎማው በሙጫ የሚለጠፍበት ዓይነት ነው። ማታ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ጎማ ቢተነፍስባችሁ ከመነዳሪ ቀይሮ መሄድ የለም። ሞዞው ግን ዕንቁ ነው። ሞዞውን አስቀርታችሁ፣ ተራ ጎማ በሚለብስ ባለ 36 ቀዳዳ ቸርኬ አሠሩት።

አዘረጋጉንም አንስተን እንለፍ። እያንዳንዱ ሽቦ ሌሎች ሦስት ሽቦዎችን እያቋረጠ የሚዘረጋው ዓይነት ለ32ም ለ36ም ይሠራል። ከሞዞው ቀጥ ብሎ ወደ ቸርኬው የሚሄደው አዘረጋግ ለኋላ አይሆንም። ፔዳሉን ወደኋላ ስትይዙ ሞዞው ቸርኬውን ጠምዝዞ ማቆም አለበት፤ ይህን የሚችለው ከሞዞው ጎን ተነስቶ አግድም የሚሄድ ሽቦ ነው። ቀጥ ያለው አይችልም፣ የሞዞውንም ክንፍ ወደ ውጭ እየጎተተ ይሰነጥቀዋል። ፊት ላይ የሞዞው አምራች ከፈቀደ ይቻላል። እኔ ለፊትም ማቋረጡን እመርጣለሁ።

ሞዞ

መጀመሪያ ፍሬማችሁን ለኩ። ትራክ ፍሬም ላይ የኋላው ክፍተት ከውስጥ ወደ ውስጥ 120 ሚሊ ሜትር ነው፣ የፊቱ 100። ከድሮ የመንገድ ብስክሌት የተቀየረ ከሆነ ኋላው 126 ወይም 130 ሊሆን ይችላል። ያኔ የብረት ፍሬም ከሆነ ባለሙያ ያጠብበዋል፤ አሉሚኒየም ከሆነ አትነካኩት፣ ለዚያ ስፋት የተሠራ ሞዞ ፈልጉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የታይዋኑን ፎርሙላ ነው የምለው። ርካሽ ነው፣ ኩሽኔቱ የታሸገ ነው፣ ሲያልቅ አውጥቶ ሌላ መክተት ይቻላል። ገንዘብ ያለው ከካሊፎርኒያዎቹ ፊል ዉድ ወይም ፖል ይግዛ፤ ከፍሬሙ በላይ ይኖራሉ። ሺማኖ ዱራኤስ የትራክ ሞዞም ግሩም ነው። ግን ኩሽኔቱ ልቅ ኳስ ስለሆነ እየፈቱ ማጽዳት፣ አዲስ ግራሶ መቀባት፣ ማስተካከል ይጠይቃል። ዲሲ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበትናል። ይህን ሥራ የማይወድ ሰው የታሸገውን ይውሰድ።

ትልቅ ክንፍና ትንሽ ክንፍ የሚለው ክርክር አያስጨንቃችሁ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ የወደዳችሁትን ግዙ።

ሕይወታችሁን የሚመለከተው ሌላ ነው። እውነተኛ ትራክ ሞዞ ላይ ሁለት ደረጃ ጥምዝ አለ። ትልቁ ላይ ጥርሱ ወደ ቀኝ እየዞረ ይጠብቃል። ትንሹ ላይ መቆለፊያ ቀለበቱ ወደ ግራ እየዞረ ይጠብቃል። ፔዳሉን ወደኋላ ስትታገሉ ጥርሱ ሊፈታ ይሞክራል፤ ያኔ ቀለበቱን ይበልጥ ወደ መጥበቅ ይገፋዋል። ይህ ሁለተኛ ደረጃ የሌለው ሞዞ፣ ማለትም ለፍሪዊል (ፔዳሉ ቆሞም ዊሉ ለሚዞርበት ጥርስ) የተሠራ፣ ላዩ ላይ ጥርስ ጠምዝዘው ሌላ ቀለበት ደርበው «ፊክስድ ነው» ብለው ይሸጣሉ። በፍጹም አትንኩት። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚፈቱ፣ ቁልቁለት ላይ ወደኋላ ስትይዙት ተያይዘው ይወጣሉ። እግራችሁ እየዞረ ብስክሌቱ ይሄዳል። የፊት ፍሬን ከሌላችሁ የሚያቆማችሁ ነገር የለም። ሻጩን «ጥርሱን አውልቅና ጥምዙን አሳየኝ» በሉት። ካላሳየ ተዉት።

ቸርኬ

የምትፈልጉት ሁለት ግድግዳ ያለው፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ወርዱ ሰፋ ያለ አሉሚኒየም ነው። ከውጭ ወደ ውጭ 23 ሚሊ አካባቢ የሆነ ቸርኬ ባለ 28 ጎማን ቀና አድርጎ ይይዛል። የድሮዎቹ 19 ሚሊ የሆኑት ቀጭን ጎማን ታስቦ የተሠሩ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የምሠራባቸውን ልጥቀስ። ኤች ፕላስ ሰን አርኪታይፕ፦ ወርዱ 23፣ ቁመቱ 25 ሚሊ፤ መልክም አለው፣ ሲሠራም ቀና ነው። ለከባድ ሰው ቬሎሲቲ ዳያድ፦ 24 ሚሊ ወርድ። ኪሱ ለሳሳ ሰው ሰን ሲአር 18፤ መልኩ የአያት ብስክሌት ነው ይሉታል፣ ጉድጓዱ ግን መልክ አይጠይቅም። ቬሎሲቲ ዲፕ ቪ ለዓመታት የፊክስድ ልጆች መለያ ነበር፤ ቁመቱ 30 ሚሊ ነው፣ ጠንካራም ነው፣ አልቃወመውም። ከመነዳሪ ስትገዙለት ግን ረጅም ቫልቭ ያለው ይሁን፤ አጭሩ ለፓምፕ አይበቃም። ከ40 በላይ ቁመት ያለው ፊት ላይ ሲሆን የ14ኛው መንገድ ድልድይ ላይ የፖቶማክ ንፋስ ከጎን ሲይዘው እጀታውን ከእጃችሁ ይነጥቃችኋል።

ካርቦን ያገለገለ አትግዙ። ውስጡ መሰንጠቁን ከውጭ አይታችሁ አታውቁም። ባለ አምስት ክንፉን ኤሮስፖክም ለመንገድ አልመክረውም፤ ይከብዳል፣ ከተወላገደ ደግሞ የሚጠበቅ የሚላላ ሽቦ የለውም።

ፊት ላይ የፍሬን ጎማው የሚይዝበት ጎን ቀለም ያልተቀባ፣ ተልጎ የተስተካከለ ይሁን። ሙሉ በሙሉ ቀለም የተቀባ ቸርኬ ላይ ፍሬኑ ሲነክስ ቀለሙን ይልጠዋል፣ ዝናብ ላይ ደግሞ ያንሸራትታል። የዲሲ ደንብ ፊክስድ ብስክሌት በፔዳሉ መቆም እስከቻለ ድረስ የተለየ ፍሬን እንዲኖረው አያስገድድም። አውቃለሁ። እኔ ግን ፊት ፍሬን የሌለው ብስክሌት ላይ የሚወጣ ልጅ ሳይ ሆዴ ይላወሳል። እባካችሁ፣ እናታችሁ ስልክ ትጠብቃለች። ፎርካችሁ የፍሬን ቀዳዳ ካለው አስገቡበት።

ሽቦና ኒፕል

ዳርና ዳሩ 2.0፣ መሃሉ 1.8 ሚሊ የሆነውን ሽቦ ግዙ። ዲቲ ስዊስ ኮምፒቲሽን፣ ሳፒም ሬስ፤ ሁለቱም ያው ናቸው። መሃሉ መቅጠኑ ያደክመዋል የሚመስለው አለ። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ቀጭኑ መሃል ትንሽ ስለሚለጠጥ ምቱን ይውጠዋል፣ መታጠፊያው ላይ የሚደርሰው ጫና ይቀንሳል። ኒፕሉ ናስ ይሁን። አሉሚኒየሙ ይቀላል፣ ግን ጨውና ዝናብ ያጣብቀዋል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ቁልፍ ስታስገቡ ጠርዙ ይበላል።

ማን ይሥራው?

በማሽን የተሠራ ርካሽ ዊል መግዛት ነውር የለውም። ዕቃው ደህና ከሆነ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ውጥረቱ ነው፤ ላላ ብሎ፣ እኩል ሳይሆን ይመጣል። ሳትነዱት በፊት ዊል ወደሚሠራ ሰው ውሰዱትና «ውጥረቱን ጨርስልኝ» በሉት። ለሥራው የምትከፍሉት ውድ ቸርኬ ላይ ከምትጨምሩት በላይ ይጠቅማችኋል።

ሠሪውን ስታናግሩ የውጥረት መለኪያ እንዳለው ጠይቁ። የተለመደው የፓርክ ቱል ቲኤም-1 ነው። አብዛኛው አሉሚኒየም ቸርኬ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ውጥረት ላይ ይሠራል፤ ጣሪያውን የሚወስነው የቸርኬው አምራች ነው። ከዚያ በላይ ቢወጠር ኒፕሉ ጋ ቸርኬው ይሰነጠቃል። ከቁጥሩ እኩል ሽቦዎቹ እርስ በርስ መቀራረባቸውን ተመልከቱ። አንዱ 120፣ ጎረቤቱ 70 ሆኖም ዊሉ ለዓይን ቀጥ ብሎ ሊዞር ይችላል። ያ ዊል ግን አይቆይም።

ጥሩ ሠሪ በመጨረሻ ጎን ለጎን ያሉትን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ እያደረገ በእጁ ጨምቆ ይይዛቸዋል። ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ትሰማላችሁ። ሽቦው ቦታውን እየያዘ፣ የተጠማዘዘው እየተመለሰ ነው። ከዚያ እንደገና ያቃናዋል። ይህን የዘለለ ሰው ዊሉን ለእናንተ አጋምሶ ነው የሰጣችሁ፤ የቀረውን መንገዱ ላይ እናንተ ትጨርሱታላችሁ።

ያገለገለ ስትገዙ

ክሬግስሊስትም ላይ አግኙት፣ ከጓደኛም፣ ቀን ላይ ሄዳችሁ እዩት። ዊሉን አንሱና በጥፍራችሁ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ንኩ። እንደ ክራር አውታር ድምፅ አላቸው፤ የተወጠረው ይቀጥናል፣ የላላው ይጎረንናል። በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ካላቸው ጥሩ ነው። አንዱ ደፍኖ «ዱብ» ካለ እዚያ ጋ ቸርኬውን በደንብ እዩት፤ ተመትቶ ጎብጦ፣ ሰውየው በሽቦ ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። የጎበጠ ቸርኬ በሽቦ አይድንም።

ኒፕል የሚወጣበትን ቀዳዳ ዙሪያ ጨርቅ አድርጋችሁ ጥረጉና እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ፈልጉ። የሞዞው ክንፍ ላይም እንዲሁ። የፍሬኑን ጎን በጣት ዳብሱ፤ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ አልቋል። ፔርኖውን በሁለት ጣት ያዙና አዙሩት። አሸዋ ያለበት ከመሰላችሁ ኩሽኔቱ ሄዷል፤ ይህ የሚቀየር ስለሆነ ዋጋ መቀነሻ ነው። የጥርሱ ጥምዝ የተበላ ከሆነ ግን ሞዞው አልቆለታል፤ በነጻም ቢሆን አትውሰዱ።

ጎማ

የቱንም ዊል ብትገዙ ጎማችሁ 23 ሆኖ 110 ፒኤስአይ ከነፋችሁት ቸርኬውን እየቀጠቀጣችሁ ነው። ፍሬማችሁ የሚያስገባውን ትልቁን ጎማ ግዙ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ብዙ ትራክ ፍሬም ጠባብ ነው፣ አንዳንዱ 25 ብቻ ነው የሚያስገባው። ሰፊ ቸርኬ ጎማውን ይበልጥ እንደሚያሰፋውም አትርሱ። ሳትገዙ በፊት ፎርኩና የኋላው ፍሬም ላይ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ፤ ከጎማው በየጎኑ 4 ሚሊ ይትረፍ። 75 ኪሎ ለሚሆን ሰው ባለ 28 ላይ ኋላ 80፣ ፊት 70 ፒኤስአይ አካባቢ እጀምራለሁ፤ ከዚያ እንደ ምቾት።

የኋላውን ቆልፋችሁ የምታንሸራትቱ ከሆነ ጥርሳችሁን ቁጠሩ። 48 በ16 (ፔዳሉ ጋ 48፣ ኋላው ዊል ጋ 16 ጥርስ) ላይ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ዊሉ ልክ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ አንዱን እግር አስቀድሞ የሚያንሸራትት ሰው ሁሌ ያንኑ አንድ ቦታ ይፈትጋል። 48 በ17 ብታደርጉት መፈተጊያው 17 ቦታ ላይ ይከፋፈላል። ጎማ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባችሁ ልጆች፣ የአንድ ጥርስ ልዩነት ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ

ጥርሱን ከማስገባታችሁ በፊት ጥምዙን ግራሶ ቀቡት። በካቴና ቁልፍ አጥብቁ። ከዚያ ፔዳሉን ወደኋላ ሳትይዙ፣ በፊት ፍሬን ብቻ እየቆማችሁ፣ አንድ ጠንካራ ዳገት ውጡ። እኔ 13ኛው መንገድ ላይ ካርዶዞ ትምህርት ቤት ጋ ያለውን ነው የምወጣው። ዳገቱ ጥርሱን ከእጃችሁ የበለጠ ያጠብቀዋል። ከላይ ስትደርሱ ውረዱና መቆለፊያ ቀለበቱን አጥብቁ። በሳምንቱ ደግማችሁ እዩት።

የፔርኖው ዳዶ 15 ሚሊ ቁልፍ ይፈልጋል። ሁልጊዜ ቦርሳችሁ ውስጥ ትኑር፤ ያለሷ ጎማ መቀየር አትችሉም። ካቴናው መሃሉ ላይ በጣት ሲነካ ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሴንቲ ያህል ይንቀሳቀስ። ድርቅ ካለ ኩሽኔቱን ይበላል፣ ከላላ ይወጣል።

አዲስ ዊል ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሠሪው ይመለስ። ትንሽ መላላቱ ያለ ነው፤ የሚያስከፍል ሠሪም ብዙ የለም። ያኔ ሁለት ሦስት ትርፍ ሽቦ ከነኒፕሉ ጠይቁት። ትራክ ዊል ላይ ግራና ቀኙ ብዙ ጊዜ አንድ ርዝመት ስለሆነ አንድ ዓይነት ይበቃል። ፓምፓችሁ ላይ በቴፕ ጠቅልሏቸው፤ ርዝመቱንም ቴፑ ላይ ጻፉበት። ከተበጠሰ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።